ልብ እስኪፈቅድ መጠበቅ ይገባልን?

በአገራችን ሁለት ሰዎች በማለዳ ሲገናኙ አንዱ «እንደምን አደሩ?» ይላል፤ ሁለተኛውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል። ይህን ቃል ጤነኛውም ሕመምተኛውም፥ ባለጸጋውም ድኻውም፥ ልጁን የዳረውም ልጁን የቀበረውም ይናገሩታል። ከዚህም የተነሣ አንዳንድ ሰዎች፥ ይልቁንም ወጣቶች፥ «አፍ የሚናገረውን ልብ ካላሰበው ይህ ምስጋና ሐሰት አይደለምን? ልባችን ሳይሞቅ የምንሠራው በጎ ሥራስ ግብዝነት አይባልምን?» እያሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ከቅን ልቡና የሚነሣ ስለ ሆነ በተግሣጽ ብቻ ሊታለፍ አይገባውም።

እኛም ይህን ጥያቄ የሰማነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንድ ወዳጃችን አፍ ነው። ይህ ሰው ከአባታቸው በወረሱት ቤት ምክንያት ከታላቅ ወንድሙ ጋር ተጣልቶ ነበር። ሽማግሌዎች ገብተው ድርሻቸውን ለይተውላቸዋል፤ የቀረው የልብ ቂም ብቻ ነበረ። «ሂድና ታላቅህን ሰላም በለው» ባልነው ጊዜ፥ «ልቤ ገና አልጠራም፤ ልቤ ሳይጠራ ብሄድ ማስመሰል ይሆንብኛል፤ ፍቅሩ ሲመለስልኝ ያን ጊዜ እሄዳለሁ» ሲል መለሰልን። እኛም እውነተኛነቱን አደነቅን፤ «መልካም ብለሃል» ብለንም ተለየነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት አለፈ። ልቡ ግን በራሱ ጊዜ አልጠራም። ይልቁንም በአንድ ሰፈር የሚያድጉት የሁለቱ ወንድማማቾች ልጆች በመንገድ ሲተላለፉ እንደ ባዕድ የሚተያዩ ሆኑ። በዚያን ጊዜ የወዳጃችንን መልስ ማመስገናችን ስሕተት እንደ ነበረ ተገነዘብን፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣንም ይኸው ነው።

የስሕተቱ ሥር የት እንደ ሆነ ብንመረምር፥ ሰው ስለ ልቡ ካለው አሳብ የመነጨ ሆኖ እናገኘዋለን። ብዙ ሰው ልብን እንደ ምንጭ፥ ሥራን እንደ ጅረት አድርጎ ይቆጥራል፤ ምንጩ ሳይፈልቅ ጅረቱ ሊወርድ አይችልም ይላል። ይህ አነጋገር በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ልብ ምንጭ ብቻ ሳይሆን እርሻም ነው፤ እርሻ ደግሞ ሳይታረስ፥ ሳይዘራበትና ሳይታረም ፍሬን አይሰጥም። ገበሬ በሰኔ ሞፈርና ቀንበሩን ይዞ ወደ ማሳው የሚወርደው አዝመራውን አይቶ ደስ ስላለው አይደለም። ዝናቡ ይመታዋል፤ ጭቃው ያዳልጠዋል። ደስታው የሚመጣው በኅዳር ነው፤ ሥራው ግን በሰኔ ይጀመራል። ማሳው እስኪያስደስተው ድረስ በቤቱ የሚቀመጥ ገበሬ ቢኖር፥ ማሳው አረምን እንጂ ደስታን አያበቅልለትም።

ከጌታችን ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪክ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ፥ ግንበኛ በመገንባት ግንበኛ እንደሚሆን ሁሉ ሰውም የቅንነትን ሥራ በመሥራት ቅን፥ የድፍረትንም ሥራ በመሥራት ደፋር እንደሚሆን አስተምሯል። የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤትም ይህንኑ በሥራ ሲያሳይ ኖሯል። ሕፃኑ በየኔታ ፊት ተቀምጦ ፊደል ሲቆጥር ፊደልን ወድዶ አይደለም፤ ልቡ ከጥጆቹ ጋር በመስክ ነው። ከፊደል ወደ አቡጊዳ፥ ከአቡጊዳም ወደ መልእክተ ዮሐንስ፥ እያለ እያለ ወደ ዳዊት ሲሻገር ግን፥ አንድ ቀን ማንም ሳያዝዘው መጽሐፉን ገልጦ ለራሱ ሲያነብ ይገኛል። ፍቅሩ መቼ እንደ ገባ ራሱም አያውቀውም። የገባው ግን ሳይወድድ በደጋገመባቸው ቀናት ውስጥ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ356 ዓመት ያረፉት የግብጹ አባት አባ እንጦንስ፥ በበረሃ ተቀምጠው ሳሉ ኀዘንና ስልቹነት ወድቆባቸው፥ አሳባቸውም ተበትኖባቸው እንደ ነበረ ይነገራል። እንዴት እንደሚድኑ ፈጣሪያቸውን ከጠየቁ በኋላ ወደ ውጭ ቢወጡ፥ እርሳቸውን የሚመስል ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጎነጉን፥ ተነሥቶ ሲጸልይ፥ እንደ ገናም ተቀምጦ ሲጎነጉን አዩ። ያም መንገዱን ሊያሳያቸው የተላከ መልአክ ነበረ፤ እንደዚሁ ያደረጉ እንደ ሆነ እንደሚድኑም ነገራቸው። ልብ ብለን እንመልከት፤ መልአኩ ኀዘናቸውን በእጁ ጠርጎ አላስወገደላቸውም። ያሳያቸው ሥርዐትን ነው፤ ይኸውም እጅ የሚሠራውን፥ ጉልበት የሚሰግደውን፥ ሰዓትም የሚወስነውን ሥርዐት ነው። ደስታና ብርታት ያገኙትም በዚሁ መንገድ ነው።

የማኅሌታዊው የቅዱስ ያሬድም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። ትምህርት እንቢ ብሎት ከመምህሩ ቅጣት ሸሽቶ በዛፍ ጥላ ሥር ሳለ፥ ትል ወደ ዛፉ ለመውጣት ስትሞክር ደጋግማ ስትወድቅ፥ በመጨረሻም ስትወጣ ማየቱን ሁላችንም በልጅነታችን ሰምተናል። ስለ ትሏ ብርታት ብዙ ይሰበካል። ነገር ግን ያሬድ ዜማን የደረሰው በዚያ ዛፍ ሥር አይደለም። በዚያ ያገኘው መነሣሣት በዚያው ሊቀር የሚችል ነበረ። እርሱ ግን ተነሥቶ ወደ ተቀጣበት ቤት ተመለሰ፤ ይቅርታም ለምኖ ትምህርቱን ቀጠለ። የልብ መነሣሣት እንግዳ ነው፤ መጥቶ ይሄዳል። በጎ ልማድ ግን እንግዳው ተመልሶ ሲመጣ የሚያድርበት ቤት ነው።

በቅርብ ዘመንም የሰውን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት ወደዚሁ የቀረበ ነገር አግኝተዋል። አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1890 ዓመት ባሳተመው የሥነ ልቡና መጽሐፍ፥ አዲስ ልማድ ሥር እስኪሰድ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ እንዳይቋረጥ አስጠንቅቆ ነበር። ከእርሱ በኋላ በለንደን የሚገኙ መርማሪዎች 96 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ትንሽ ተግባር፥ ለምሳሌ ከምሳ ጋር ውሃ መጠጣትን፥ መርጠው በየቀኑ እንዲፈጽሙት አደረጉ። በ2010 በታተመው ውጤት መሠረት፥ ተግባሩ ያለ ትግል የሚፈጸም ልማድ እስኪሆን ድረስ በመካከለኛ ግምት 66 ቀን ወሰደ፤ ለአንዳንዱ 18 ቀን ሲበቃው ለሌላው 254 ቀን ያህል እንደሚያስፈልገው ተገመተ። ከዚህም ጋር አንድ ቀን መሳት ልማዱን እንደማያፈርሰው ታወቀ። በዚህ ነገር አዲሱ ምርመራ ከቀድሞው መምህር ይልቅ ለደካማው ሰው ርኅሩኅ ሆኖ እናገኘዋለን። በጾም አንድ ቀን ተሰናክሎ «ከእንግዲህ ምን ይጠቅመኛል?» ብሎ ጾሙን ሁሉ የሚተው ሰው ይህን ቢያስተውል መልካም ነው፤ የወደቀበት አንድ ቀን ነው፤ የሚተዋቸው ግን ብዙ ናቸው።

ስለ ምስጋናም እንዲሁ፥ ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማካላ የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት በ2003 ባሳተሙት ምርመራ፥ አንዳንድ ተማሪዎች በሳምንት አንድ ጊዜ እስከ አምስት የሚደርስ የሚያመሰግኑበትን ነገር፥ ሌሎቹ ደግሞ ያስቸገራቸውን ነገር ለዐሥር ሳምንት እንዲጽፉ አደረጉ። ምስጋናን የጻፉት ስለ ኑሯቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ምርመራዎች ጥቅሙ መጠነኛ መሆኑን ያመለክታሉ። እኛም የምናመሰግነው ምስጋና ለፈጣሪ ስለሚገባው ነው እንጂ ጥቅምን ስለሚያስገኝ ብቻ አይደለም። ቢሆንም ዐይን የተሰጠውን በጎ ነገር እንዲፈልግ በየጊዜው ቢለማመድ፥ ቀድሞ ያላየውን ማየት እንደሚጀምር ከዚህ እንረዳለን።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ልብ ሳይሞቅ የሚሠራ በጎ ሥራ ግብዝነት ነውን? ግብዝ ማለት ሰው እንዲያየው ብቻ የሚሠራ፥ ልቡም ከሥራው ጋር እንዲስማማ የማይፈልግ ነው። የሚታገል ሰው ግን እጁን አስቀድሞ ልቡ እንዲከተለው ይለምናል። ሁለቱ በውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ የሚለዩትም በራቸው ሲዘጋ ነው። ግብዙ ተመልካቹ ሲሄድ ሥራውን ያቆማል፤ የሚታገለው ግን ማንም በሌለበት «ልቤን መልስልኝ» እያለ ይቀጥላል። ስለዚህ በጎ ሥራን ልብ ሳይሞቅ መጀመር ግብዝነት አይደለም፤ ልብ እንዳይመጣ በሩን ዘግቶ ሥራውን ለታይታ ማድረግ ነው ግብዝነት።

ነገር ግን ይህን ትምህርት በሌላው ሰው ጫንቃ ላይ ልንጭነው አይገባም። ኀዘን የደረሰበትን ሰው «አመስግን እንጂ አታልቅስ» እያሉ አፉን መዝጋት ጭካኔ ነው። ጌታችን በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡ ጊዜ ደግ ሠርተው ነበር፤ የበደሉት መናገር ሲጀምሩ ነው። የአገራችን ሰው በለቅሶ ቤት ብዙ ሳይናገር መቀመጡ ትልቅ ጥበብ ነው። እንዲሁም ኀዘኑ ሳይለቅቀው ብዙ ሳምንት የሚቆይበት፥ እንቅልፍና ምግብ የሚከለክለው ሰው ሕመምተኛ ሊሆን ይችላልና፥ በጸሎት እየረዳን ወደ ሐኪም ልንወስደው ይገባል እንጂ የሃይማኖቱ ጉድለት ነው ብለን ልንፈርድበት አይገባም።

ልማድን ለመትከል የሚወድ ሰው ከትንሽ ነገር ይጀምር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላልና፥ በአንድ ቀን መቶ ስግደት ሰግዶ በማግሥቱ ከመተኛት በየቀኑ ሦስት ስግደት ይሻላል። ሁለተኛ፥ ሥራውን ከተወሰነ ጊዜ ጋር ያያይዘው፤ ቤተ ክርስቲያን ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት ሰባት የጸሎት ጊዜያትን የሠራችው ሰው «ሲመቸኝ አደርገዋለሁ» ያለውን ነገር ፈጽሞ እንደማያደርገው ስለምታውቅ ነው። ሦስተኛ፥ ክፉ ልማድን ሲተው ባዶውን ስፍራ በበጎ ይሙላው፤ ተጠርጎ ባዶ የቀረው ቤት የቀድሞውን ርኩስ መንፈስ ከሌሎች ሰባት ጋር እንደ ተቀበለ በወንጌል ተጽፏልና። አራተኛ፥ ብቻውን አይሁን፤ የጽዋ ማኅበር አባላት በየወሩ የሚሰበሰቡት እንዲሁ ለመብልና ለመጠጥ አይደለም፤ የቀረውን ሰው «ምነው ቀረህ?» ብሎ የሚጠይቀው እንዲኖር ነው።

እርግጥ ነው፥ ልማድም ሊደርቅ ይችላል። አፍ ዳዊቱን ሲደግም አሳብ በገበያ የሚዞርበት ጊዜ አለ። የዚህ መድኃኒቱ ዳዊቱን መተው አይደለም፤ ፍጥነቱን ቀንሶ አንዱን መዝሙር እያስተዋሉ ማንበብ ነው። ምድጃው ስለ ቀዘቀዘ ምድጃውን የሚያፈርስ ሰው የለም፤ አመዱን ገልጦ ፍሙን ይፈልጋል እንጂ።

ያ ወዳጃችንም በመጨረሻ ሄደ። ስሕተታችንን ነግረነው ይቅርታ ከጠየቅነው በኋላ፥ በትንሣኤ ማግሥት በታላቁ ቤት ደጃፍ ቆሞ «እንደምን ሰነበታችሁ?» አለ። ልቡ እንዳልሞቀ አልሸሸገንም፤ ለመቀመጥም አልደፈረም። በመስቀል ግን እንደ ገና ሄደ፤ ያን ጊዜ ተቀምጦ ቡና ጠጣ። በልደት በዓል ደግሞ ታላቁ ወንድም ራሱ ወደ እርሱ ቤት መጣ። «ልብህ ጠራልህን?» ብለን በጠየቅነው ጊዜ ጥቂት አሰበና «እየጠራ ነው» አለን። ፈጽሞ ጠርቷል ለማለት እኛም አንደፍርም። ልጆቻቸው ግን ዛሬ በአንድ መንገድ አብረው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

እንግዲህ የተወደዳችሁ አንባብያን ሆይ፥ ልባችን እስኪፈቅድልን ድረስ ያዘገየነው ሰላምታ፥ ያቆየነው ይቅርታ፥ ያስተላለፍነው ጸሎት ካለ፥ ዛሬ በትንሹ እንጀምረው። ልብን የፈጠረ አምላክ የቀዘቀዘውን ልባችንን አሙቆ ከሥራችን ጋር ያስማማልን። አሜን።