ደብዛዛው ኮከብ ትንሽ ነው ወይስ ሩቅ?

የሳምንቱ ንባብ፦ ማርቆስ 12፥41-44፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥41



ጄኔሬተሩ ጠፍቶ ሰፈሩ ሲጨልም እስቲ ከመጠለያችሁ ወጣ ብላችሁ ቀና በሉ። ብዙ ነገር ጎድሎብናል፤ ከዋክብት ግን አልጎደሉብንም። እንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የከዋክብት መመልከቻ አለ። ነገር ግን ከሥሩ ያለው የአዲስ አበባ መብራት ሰማዩን ስለሚያደበዝዘው ባለሙያዎቹ የተሻለ ጨለማ ፍለጋ የላሊበላን አካባቢ ተራሮች እስከ ማጥናት ደርሰዋል። እኛ ጋ ደግሞ ይኸው፣ ጨለማው ሳንፈልገው ተርፎናል።

በየካቲት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ፊታችሁን ወደ ደቡብ አዙሩ። ከፍ ብሎ የሚንቦገቦገው፣ ከሌሊቱ ከዋክብት ሁሉ የሚደምቀው ሲሪየስ ይባላል። ከእሱ በታች፣ ወደ አድማሱ ቀረብ ብሎ፣ በድምቀት ሁለተኛው አለ፤ ሳይንቲስቶች ካኖፐስ ይሉታል፣ ዐረቦች ደግሞ ሱሄል። የትኛው ይበልጣል ብላችሁ አንድ ልጅ ብትጠይቁ ሳያመነታ ላይኛውን ያሳያችኋል። እኔም ብሆን ያንኑ እል ነበር።

ነገሩ ግን ሌላ ነው። ሲሪየስ እንዲህ የሚደምቅልን ጎረቤታችን ስለሆነ ነው። ብርሃኑ እኛ ጋ ለመድረስ 8.6 ዓመት ብቻ ይፈጅበታል። የሱሄል ግን 310 ዓመት ያህል ተጉዞ ነው የሚደርሰን፤ ዛሬ ማታ ዓይናችሁ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ጎንደር የነገሥታት መናገሻ ሳለች የተነሣ ነው። ሲሪየስ የሚያወጣው ብርሃን የፀሐያችንን 25 እጥፍ ያህል ሲሆን፣ የሱሄል ከ10,000 እጥፍ ይበልጣል። ዓይናችን አንደኛ ያለው፣ በእውነቱ ከሁለተኛው ጋር የሚወዳደር እንኳ አይደለም።

ምክንያቱን በፋኖስ ልታዩት ትችላላችሁ። ፋኖሱን አሥር እርምጃ ላይ አስቀምጡት፤ ከዚያ ወደ ሃያ እርምጃ ውሰዱት። ርቀቱ በእጥፍ አደገ፣ የሚደርሳችሁ ብርሃን ግን ወደ ግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። ሠላሳ እርምጃ ላይ አንድ ዘጠነኛ ይሆናል። በፋኖሱ ውስጥ ያለው ዘይት ግን ምንም አልተነካም። ስለዚህ የሥነ ፈለክ ሰዎች ከዋክብትን በትክክል ለማወዳደር ሲፈልጉ ሁሉም እኩል 32.6 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ቢቀመጡ ኖሮ ምን ያህል ይደምቁ ነበር ብለው ያሰላሉ። በዚህ ሚዛን፣ ቀን የምታቃጥለን ፀሐይ በጨለማ ሌሊት ፈልገን የምናገኛት ደብዛዛ ኮከብ ትሆናለች።

ጌታችን በመቅደሱ መዝገብ ፊት ለፊት ተቀምጦ ያደረገው ይህንኑ ይመስለኛል። ባለጠጎቹ ብዙ ጣሉ፤ ያቺ ድሃ መበለት ሁለት ሳንቲም። ደቀ መዛሙርቱ የሚያዩት ወደ ሣጥኑ የገባውን ነው። እሱ ግን ከምን ላይ እንደተነሣ ጠየቀ፤ ሁሉንም በአንድ ርቀት ላይ አቆማቸው። እኛ ዘንድስ? ከውጭ 200 ዶላር የላከ ዘመድ ስሙ በየመጠለያው ይነሣል፤ ይገባዋልም። ከራሽኗ ላይ አንድ ጣሳ ማሽላ ቀንሳ ለአራስ ጎረቤቷ የሰጠችውን ግን ማን አወራላት?

ይሁንና ርቀቱ እንዴት ይታወቃል? አውራ ጣታችሁን ከፊታችሁ ዘርግታችሁ አንዱን ዓይን ከዚያም ሌላውን ጨፍኑ፤ ጣታችሁ ከቦታው የዘለለ ይመስላል። ለኮከብ ግን የሁለት ዓይን ርቀት አይበቃም። መሬት ፀሐይን ስትዞር በስድስት ወር ውስጥ ከነበረችበት 300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ወዲያ ማዶ ትገኛለች፤ ከሁለቱም ወገን ሆኖ መለካት ያስፈልጋል። ጀርመናዊው ቤሰል እ.ኤ.አ. በ1838 በዚህ መንገድ 61 ሲግኒ የተባለውን ኮከብ ርቀት ለካ፤ 11 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። መለኪያ ያደረጋት ማዕዘን ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ያለች የአንዲት ሳንቲም ስፋት ያህል ናት። ለዚህች ብሎ ስንት ሌሊት እንደታገሠ አስቡት። እኛ ሰው ላይ ለመፍረድ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃናል።

ሌላም አሳሳች ነገር አለ፤ አቧራ። ሀቡብ ሲነሣ ቀትር ላይ ፀሐይዋ እንዴት እንደምትገረጣ ለእናንተ አልነግራችሁም። በከዋክብት መካከልም እንዲሁ አቧራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1930 ትረምፕለር የተባለ ሰው ይህን እስኪያረጋግጥ ድረስ ሊቃውንቱ በአቧራ የደበዘዘውን ሁሉ ከልኩ በላይ ሩቅ አድርገው ይቆጥሩ ነበር። እነሱም ተሳስተው ሒሳባቸውን አረሙ።

አንድ ወንድም ይህን ሳነብለት "ታዲያ ሁሉም ሰው ደህና ነው ልትለን ነው?" አለኝ። አይደለም። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከዋክብትም ሲለኩ በእውነት ትንሽ ሆነው የሚገኙ አሉ፤ እንዲያውም ይበዛሉ። እያለው የማይሰጥ፣ ሰልፍ ላይ የደካማ ተራ የሚነጥቅ ሰው በመካከላችን መኖሩን እኔም አውቃለሁ። ሊነገረውም ይገባል። ግን ከተለካ በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው በራሴ ስለደረሰብኝ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከዚህ ወደ በረሃው በኩል ከወጣ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ድምፁ ጠፋ። እናታችንን ረሳት አልኩ። ሰው ስለ እሱ ሲጠይቀኝ ወሬ እቀይር ነበር። ከዚያ አብሮት የነበረ አንድ ልጅ ደወለልኝ። ስልኩን ቀምተው እንዳሰሩት፣ እዚያም ሳለ ከምትደርሰው ዳቦ ላይ ለአንድ ታማሚ ያካፍል እንደነበር ነገረኝ። እኔ ከዚህ ብቻ ነበር የማየው፤ ልጁ ደግሞ ከዚያ አየው።

ወንድሜ እስከ ዛሬ አልደወለም። በማኅበሩ ጸሎት ላይ ስሙን የምጠራው ግን አሁን እኔው ነኝ።