የቀበና ርዝመት

ቀበና ሦስት ፊደል ነው። ከእንጦጦ የሚወርደውን ወንዝና ወንዙ የሚያልፍበትን ሰፈር የሚያውቅ የፊደል ተማሪ ሁሉ እንዲህ ይቆጥረዋል። በፒኤችፒ የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠራ ፕሮግራመር ግን ቃሉን «ስትርለን» ለተባለው ትእዛዝ ቢሰጠው ዘጠኝ የሚል መልስ ያገኛል፤ «ኤምቢ ስትርለን» ደግሞ ሦስት ይለዋል።

ዘጠኝ ያለውም አልተሳሳተም፤ የቆጠረው ፊደሉን ሳይሆን ኮምፒውተሩ ጽሑፉን የሚያስቀምጥበትን ክፍል፣ ባይትን ነው። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 እ.ኤ.አ. በነደፉት፣ ፊደላትን ወደ ባይት በሚለውጠው ዩቲኤፍ-8 የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲበቃው ቀ፣ በ እና ና እያንዳንዳቸው ሦስት ባይት ይይዛሉ።

እዚህ ላይ የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ ይነሣል፦ «አንድ» የሚባለው ከነገሩ ጋር የተፈጠረ ነው ወይስ ቆጣሪው የሚያመጣው? አሪስቶትል በ«ሜታፊዚክስ» ፈረሶች ሲቆጠሩ መለኪያው ፈረስ፣ ሰዎች ሲቆጠሩ ሰው እንደሆነ ያስረዳል። መለኪያ ከሚለካው ነገር ወገን መሆን አለበት። በዚህ ከሄድን የጽሑፍ መለኪያ ፊደል ነው፤ ባይት የማስቀመጫው እንጂ የጽሑፉ ወገን አይደለም።

ፊደል መቁጠሩም ቢሆን የዋዛ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ በድጓ ላይ ከቃሉ በላይ የሚሰፍሩት ይዘት፣ ደረት፣ ጭረትና መሰሎቻቸው በ2005 እ.ኤ.አ. ለዓለም ፊደላት መለያ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ 4.1 የየራሳቸውን ቁጥር አግኝተዋል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሲያገኛቸው አንድ አንድ እያለ ከርዝመቱ ላይ ይደምራቸዋል። ለድጓ መምህር ግን ምልክቱ ዜማውን ይመራል እንጂ በቃሉ ላይ ፊደል አይጨምርም። ማሽኑ ቢደምርም እውነቱ ከመምህሩ ጋር ነው።

በባይት መቁጠር ከክርክር አልፎ ሰውንም ይጎዳል። የስም ቦታው በ20 ባይት የተወሰነ ቅጽ «ገብረመድኅን» የሚለውን ስም አይችለውም፤ ሰባቱ ፊደላት 21 ባይት ናቸው። ፕሮግራሙ ሃያኛው ላይ ቢቆርጥ የመጨረሻዋ «ን» ትሰበርና በቦታዋ ትርጉም የሌለው ምልክት ይቀመጣል። ሃያ ፊደል ያለው የእንግሊዝኛ ስም ግን በዚያው ቅጽ ሳይነካ ያልፋል። ኤስኤምኤስም እንዲሁ ነው፤ አንዱ መልእክት በእንግሊዝኛ 160 ፊደል ሲይዝ በአማርኛ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ወሰኑን ያወጣው ሰው ክፋት አላሰበም ይሆናል፤ ግን በራሱ ፊደል የሌላውን ለክቷል። ስምን በባለቤቱ ፊደል መቁጠር የፍትሕ ጉዳይ ነው።

ጉዳዩ በአማርኛ አያበቃም። ዩኒኮድ በ2021 እ.ኤ.አ. ለጉራጊኛ የጨመራቸው ፊደላት በዩቲኤፍ-8 አራት አራት ባይት ይወስዳሉ። የማይኤስኪውኤል የመረጃ ቋት የድሮው «ዩቲኤፍ8» ከሦስት ባይት በላይ ስለማይቀበል ሊያስቀምጣቸው አይችልም፤ የፕሮግራም ቋንቋው ጃቫም ርዝመት ሲጠየቅ ከእነዚህ አንዷን ፊደል ሁለት ይላታል። በአማርኛ ተሞክሮ ደኅና ነው የተባለ ፕሮግራም ሁሉ በጉራጊኛ እንደገና መፈተሽ አለበት።