ቮልስ ፍለጋ ለምትወጡ ልጆቼ

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት አርት ዳይሬክተር ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ለሠላሳ ሰከንድ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አንዲት ያልተጎሳቆለች ቮልስ እንፈልጋለን፤ ቀረጻው ሐሙስ ነው» አለችኝ። የደወለችው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቮልስ እኮ ከሱቅ ብድግ የምትደረግ ሳሙና አይደለችም ልላት ብዬ ተውኩት፤ እኔም በእሷ ዕድሜ እንዲሁ ነበርኩ። መኪናዋ ለሐሙስ አልደረሰችም፤ ቀረጻው ሁለት ሳምንት ተራዘመ። በስልክ ጀምሬ ያልጨረስኩላትን ነገር ለእሷም ለእናንተም እዚህ ልጨርሰው።

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ስክሪፕቱን አንብቡ። «የድሮ መኪና» የሚል ካገኛችሁ ወደ ጸሐፊው ተመለሱና የስንት ዓመተ ምሕረት ድሮ እንደሆነ ጠይቁት። ለእናንተ ድሮ ሁሉ አንድ ነው፤ በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ግን የጃንሆይ ድሮና የደርግ ድሮ ለየቅል ናቸው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በተመሠረተበት በ1955 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ስታልፍ ካሳያችሁኝ፣ የምታስተዋውቁትን ዕቃም አላምነውም። ላዳ ከፊያት 124 ተቀድታ ከሶቭየት ፋብሪካ መውጣት የጀመረችው በፈረንጆቹ 1970 ነው። ቮልስም ብትሆን ዕድሜዋ ፊቷ ላይ ተጽፏል። በፈረንጆቹ እስከ 1967 አጋማሽ ድረስ የተሠሩት የፊት መብራታቸው ወደ ኋላ ጋደል ያለ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት ቀጥ ብሎ ይቆማል። የኋላ መስታወቷም ይናገራል፤ በመጀመሪያ ለሁለት የተከፈለ ነበር፣ በፈረንጆቹ ከ1953 እስከ 1957 እንቁላል መሰለ፣ ቀጥሎ እየሰፋ ሄደ። ትልልቅ ክብ የኋላ መብራት ያላት ደግሞ በፈረንጆቹ የ1973 ሞዴል ወይም ከዚያ ወዲህ የመጣች ናትና በ1955 ዓ.ም. ለተደገሰ ሠርግ አትታጭም።

በዚያው በ1955ቱ ትዕይንት መኪኖቹ ቀኙን ይዘው ከሄዱም ሌላ ስሕተት ነው። ሀገራችን ከግራ ወደ ቀኝ የተሻገረችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ይህን የሚያስታውስ ተመልካች ስንት ነው ትሉኝ ይሆናል። ጥቂት ነው፤ ግን ያ ጥቂት ሰው ሳሎን ውስጥ ከልጅ ልጆቹ መካከል ተቀምጦ ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው።

ሌላም አለ። እናንተ ቮልስን ስታዩ የሚታያችሁ ክብ ፊቷና ፈገግታዋ ነው። አንድ ጎበዝ ዳይሬክተር አንድ ጊዜ ለብስኩት ማስታወቂያ ያመጣው ስክሪፕት ላይ፣ ጎረምሶች አንድ ሽማግሌ ግራና ቀኝ ደግፈው፣ የፊቱን ወንበር አጥፈው፣ ቮልስ የኋላ ወንበር ላይ ሲያስገቧቸው ይታያል። ለቀልድ ነው። ልጁ ክፋት የለበትም፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በምን መኪና እንደተወሰዱ የነገረው ሰው አልነበረም። የእኔ ትውልድ ግን፣ በዚያ ቀን የጨፈረውም ያለቀሰውም፣ ያችን ቮልስ አይረሳትም። ሽማግሌውን ከፊት አስቀመጥናቸው፤ ብስኩቱንም ሲበሉ በደንብ ታዩ።

ስለ መኪናዋ ስለራሷም ጥቂት ዕወቁ። ሌላ ስክሪፕት ላይ ቮልሷ መንገድ ላይ ትቆማለች፣ ተዋናዩ የፊቱን ኮፈን ይከፍታል፣ ጭስ ይወጣል፣ ሞተሩን ጎንበስ ብሎ ያያል። ቀረጻው ቦታ ደርሰን የጭስ ማሽኑ ተዘጋጅቶ ኮፈኑ ሲከፈት የተገኘው ቅያሪ ጎማና የቤንዚን ታንከር ነው። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው ያለው! ስክሪፕቱን እኔም አንብቤው ነበር፤ ቮልስ ነድቼም አውቃለሁ፤ ግን ዐይኔ አልፎታል። ግማሽ ቀን የተከፈለበት ቡድን ቆሞ ስክሪፕት ሲታረም ዋለ።

አሁን ወደ ፍለጋው። ከውጭ አስመጣለሁ የሚለውን ሐሳብ እርሱት። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። ያለችው እዚሁ ያለችው ናት። ደግነቱ አዲስ አበባ ለአሮጌ ላሜራ የምትራራ ከተማ ናት። እንደ ብርድ አገሮች በረዶ ለማቅለጥ አስፋልት ላይ ጨው አይበተንባትም፣ የባሕር አየርም አይደርስባትም። ክረምቱን የምታሳልፍበት ጣሪያ ያገኘች መኪና ብዙ ትኖራለች።

ብዙዎቻችሁ በደላላ ትጀምራላችሁ። ደላላ የሚያውቀው ለገበያ የወጣችውን ነው፤ እናንተ የምትፈልጓት ግን ባለቤቷ ልሽጣት ብሎ አስቦ የማያውቀውን ነው። እሷን የሚያውቅ መካኒኩ ነው። ቮልስ ሲሠሩ ያረጁ ሰዎች ያሉበት ጋራዥ ሂዱ፣ በርጩማ ስባችሁ ሻይ አዝዛችሁ ተቀመጡ፣ በመጀመሪያው ቀን ምንም አትጠይቁ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቸርኬ ሲባባሉ ስሙ፤ ጣልያን የሄደበት ዘመን ሩቅ ቢሆንም ጋራዥ ውስጥ ዛሬም ቋንቋው አለ። በሁለተኛው ቀን ማንን ፈልጋችሁ እንደመጣችሁ ራሳቸው ይጠይቋችኋል። ሶማሌ ተራም ወርዳችሁ የመለዋወጫ ነጋዴዎቹን አነጋግሩ። ሞተር ስለሚገዛ ሰው አትጠይቁ፤ ሞተር የሚገዛው መኪናው የሞተበት ነው። ለበር የሚሆን ኦሪጅናል ላስቲክ አለ ወይ እያለ ሦስት ጊዜ የተመላለሰውን ሰው አድራሻ አግኙ። ለላስቲክ የሚጨነቅ ሰው ቤት ያለች ቮልስ ከተማው ካሉት ሁሉ ትሻላለች።

መኪናዋ ፊት ስትደርሱ ቀለሙ አያታልላችሁ። የታደሰችና የተጠበቀች መኪና አንድ አይደሉም፤ ካሜራም ይለያቸዋል። መስታወቶቿን ሁሉ ዝጉና በሩን ቀስ ብላችሁ ግፉት። ደኅና ቮልስ አየር ስለማታሳልፍ በሩ እምቢ ይላል፣ ወይ ጆሯችሁን ጠቅ ያደርጋችኋል። ዘው ብሎ ከተዘጋ ላስቲኩ አልቋል ወይም ወለሉ ተበልቷል። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከበሩ ግርጌና ከጎማው በላይ ባለው ላሜራ ላይ አሳልፉት፤ የማይዝበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ። የኋላውን ወንበር አንሡ፤ ባትሪው እዚያ ነው የሚቀመጠው፣ አሲዱም ወለሉን የሚበላው እዚያ ነው። የሻንሲ ቁጥሩም እዚያው ወንበር ሥር መሐል ላይ ተመትቷል፤ ከሊብሬው ጋር አስተያዩት። ይህን ሁሉ ስታደርጉ ባለቤቱ አጠገባችሁ ይቁም፣ አስፈቅዳችሁም አድርጉት። የሰው ንብረት እንደ በግ አይዳበስም።

ለምሳሌ አንድ ላንሣላችሁ። ጉለሌ አካባቢ አንዲት እናት ግቢ ውስጥ፣ ሸራ ለብሳ የምትኖር ቮልስ እንዳለች አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነገረኝ። እትዬ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ አልነዷትም፤ ግን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መካኒኩ እየመጣ ያስነሳላቸዋል፣ ሩብ ሰዓት ትሠራለች፣ ከዚያ ሸራዋን ትለብሳለች። በመጀመሪያ ስሄድ ቡና አፈሉልኝ፣ መኪናዋን አላሳዩኝም። በሁለተኛው ገንዘቡን ስጠራ «ልጄ፣ እኔ መቼ የምትከራይ ናት አልኩ?» አሉኝ። በሦስተኛው መካኒኩን ይዤ ሄድኩ፤ ስለ ገንዘብ ሳላነሣ ቀረጻው ምን እንደሆነ፣ ማን ምን እንደሚናገር፣ መኪናዋ የት ቆማ የት እንደምትሄድ አንድ በአንድ ተረኩላቸው። ያን ጊዜ ሸራው ተገለጠ። ሁለት ነገር ጠየቁ፤ የሚነዳት መካኒኩ ይሁን፣ ቀለሟ አይነካ። ደንበኛችን ቀይ ትሁንልኝ ብሎ ነበር፤ ከድርጅቱ ምልክት ጋር እንድትሄድለት። እንቢ አልኩ። ቀይ ላስፈለገው ሰው ቀይ ጃንጥላ ገዛን፣ ተዋናይቱ ያዘችው።

የሚነዳት መካኒኩ ይሁን ማለታቸው ቅንጦት አልነበረም። ከዚያ በፊት በሌላ ሥራ አንድ ታዋቂ ተዋናይ «መንጃ ፈቃድ አለኝ» ብሎን መሪ አስጨበጥነው። ሰውየው የለመደው አውቶማቲክ ነው። ካምቢዮው ሲያጓራ የባለቤቱ ፊት ሲለዋወጥ ያየሁትን ዛሬም አልረሳውም፤ ፍሪሲዮኑን አስቀይረን ከፈልን፣ ይቅርታውን ግን በገንዘብ አልገዛነውም። ስለዚህ ውል ጻፉ። ማን እንደሚነዳ፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ብትጎዳ ማን እንደሚያሠራ፣ ሁሉም ይግባ። ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አለ ብላችሁ አትተኙ፤ እሱ መኪናዋ ሌላውን ብትጎዳ እንጂ ራሷ ብትጎዳ አይደርስላትም። ቀረጻው ከቤቷ ሩቅ ከሆነ በሎቤድ ውሰዷት። ቦሎዋን ቀድማችሁ እዩ፤ ትራፊክ ፖሊስ «ቀረጻ ላይ ነን» የሚለውን መልስ ሰልችቶታል።

እንጦጦ ላይ ካልቀረጽን የምትሉም ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ያምራል። ነገር ግን እዚህ ከተማ ያለው አየር ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ሞተሩም በዚያው ልክ ይደክማል። ቮልስ ደግሞ ውኃ የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት በቺንጋ የሚዞር ፋን ነው። ዳገቱን ሁለት ጊዜ ትወጣላችኋለች። ዳይሬክተራችሁ ዐሥራ አምስተኛ ጊዜ ድገሙ ሲል ግን ሽማግሌ ናትና ጥላ ሥር አቁማችሁ አሳርፏት። ዳሽቦርድ ላይ ቀዩ የዲናሞ መብራት ከበራ ትዕይንቱን እንጨርስ ሳትሉ አጥፏት፤ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፣ ያለ ቺንጋው ማቀዝቀዣ የለም። ቁልቁለቱንም በማርሽ ያዙ፤ የብዙዎቹ ፍሬን በአራቱም ጎማ ታምቡር ነው፣ ሲግል ይሰንፋል።

መወልወልን በተመለከተ እጃችሁን ሰብስቡ። እንደ መስታወት የጠራ ላሜራ ካሜራ ማኑን፣ መብራቱን፣ ሳንድዊች የሚበላውን ረዳት ሁሉ መልሶ ያሳያችኋል። ትንሽ የደበዘዘ ክሮምና በእጅ ብዛት የሳሳ የመሪ ቀለም ከማንኛውም ጌጥ ይበልጣል። በዓለም ላይ ስለዚች መኪና የተሠሩትን ማስታወቂያዎች ፈልጋችሁ እዩ። ዶይል ዴን በርንባክ የሚባለው የኒው ዮርክ ድርጅት በ1959 በፈረንጆቹ ሥራውን ሲረከብ ገጹን ባዶ ትቶ ቮልሷን ጥግ ላይ እንደ ዝንብ አሳንሶ አስቀመጣት። በኋላ ደግሞ በቴሌቪዥን፣ በረዶ በሸፈነው መንገድ በጨለማ ስትሄድ አሳያት፤ የምታደርሰው በረዶ ጠራጊውን ማሽን የሚነዳውን ሰው ወደ ሥራው ነው። ቮልሷ እዚያ አትሽከረከርም፣ አትጨፍርም፤ ሥራዋን ትሠራለች። እኛ ግን አሮጌ መኪና ስናገኝ ወዲያው አበባ እናስራለን።

የባለቤቱን ሰሌዳ ቁጥር መሸፈን ወይም በሐሰት ሰሌዳ መተካት ልማዳችን ነው፤ የሰውን ቤት ከወሬኛ ይጠብቃል፣ እኔም ለብዙ ዓመት ለሁሉም ስመክር ኖሬያለሁ። በጉለሌዋ ቮልስ ቀን እትዬ ነጠላቸውን ተከናንበው በርጩማ ላይ ከሞኒተሩ ኋላ ተቀምጠው ነበር። ለመጨረሻው ትዕይንት ስንዘጋጅ ጎተት አድርገው ጠሩኝ። «ቁጥሯን ለምን ሸፈናችኋት?» አሉ። ለእርስዎ ደኅንነት ብለን ነው አልኳቸው። «የበኩር ልጄ አሜሪካ ነው፤ መንዳት የተማረባት እሷ ናት» አሉኝ። «ቴሌቪዥኑን እዚያም ያዩታል አሉ። ቮልስማ ብዙ ነው፤ በምን ያውቃታል?»

ሽፋኑን አንሥተን አንድ ጊዜ በድጋሚ ቀረጽን። ሁለት ሰከንድ ያህል ነው የሚታየው፣ ጥግ ስትዞር። ደንበኛው ሲያየው «ቁጥሩ ትኩረት ይስባል፣ ይደብዝዝልን» አለ። አርታዒው ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም ወደ ቀጣዩ ምስል እንዲሄድ ነገርኩት።