የዋዛ ቁም ነገር

ለመሆኑ ዝና ብቸኝነትን ይፈውሳል ወይ? በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኢንግሪድ ጎዝ ዌስት» የተባለ የአሜሪካ ፊልም ይህን ጥያቄ በምፀት ያነሣዋል። ኢንግሪድ እናቷ ሞታባት ብቻዋን የቀረች ልጅ ናት። የወረሰችውን ገንዘብ ይዛ፣ በኢንስታግራም ያየቻትን ዝነኛ ሴት ወዳጅ ለማድረግ ካሊፎርኒያ ትሄዳለች። በመጨረሻ፣ ራሷን ልታጠፋ ስትል የቀረፀችው ቪዲዮ ስሟን ያገነዋል፤ ሆስፒታል ተኝታ የማታውቃቸው ሰዎች መልእክት ይጎርፍላታል። ፈገግ ትላለች። ታዲያ ዳነች እንበል?

በሷ ለመሳቅ አንቸኩል። እኛም ቲክቶክ ላይ «ስንት ሰው አየኝ?» እያልን ስናመሽ፣ ከጎናችን የተኛውን ጓደኛችንን ምን እንደከፋው አንጠይቀውም።

እዚሁ አሶሳ የበርታ ሕዝብ ዋዛ አለ፤ ስሙ ዋዛ ይሁን እንጂ ነገሩ ዋዛ አይደለም። ከቅል የሚሠራ ረጅም ጡሩምባ ነው። አንዱ ጡሩምባ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ዜማው የሚገኘው ነፊዎቹ እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው። አንዱ ከቀረ ዜማው ይጎድላል።

መታየት ክፉ ነው አላልኩም፤ ዋዛ ነፊውም ይታያል እኮ! ልዩነቱ፣ ማንም ባያጨበጭብለት እንኳ ቀጥሎ ያለው ሰው ድምፁን ይጠብቃል።

ሺህ ዓይን አይቶን፣ ስንቀር «የት ጠፋ?» የሚል አንድ ሰው ከሌለን፣ ብቸኝነታችን አደባባይ ወጣ እንጂ አልለቀቀንም።