ያለ ትምህርት ቤት ስለ መማር

አንባቢ ሆይ፤ ዐሥራ አምስት ዓመት የሆነው ልጅህ፦ ትምህርት ቤቱን ትቼ በቤቴ የወደድሁትን ልማር ቢልህ ምን ትመልስለታለህ? በአሜሪካ ጆን ሆልት የሚባል መምህር በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1970 በኋላ ባሉት ዓመታት፥ ልጆች በቤታቸው ሊማሩ ይችላሉ ብሎ ጻፈ፤ ዛሬም በሃምሳዎቹ ክፍለ አገሮች ሁሉ ይህ በሕግ የተፈቀደ ነው። በጀርመን አገር ግን ሕጉ ልጅ ሁሉ ወደ ትምህርት ቤት ይሂድ ይላል። አንዱ ሕግ የፈቀደውን ሌላው ከከለከለ፥ ነገሩን በልብ መመርመር ይገባል።

አንዳንዶች ትምህርት ቤት የተወ ልጅ ሰነፍ ይሆናል ይላሉ፤ ሌሎችም በፈቃዱ የሚማር ከሁሉ ይልቅ ያውቃል ይላሉ። ሁለቱም እኩሌታውን ተናገሩ እንጂ ሁሉን አልተናገሩም። ለዚህም የማይክል ፋራዴይን ታሪክ ተመልከት።

ይህ ሰው በ1791 ከብረት ቀጥቃጭ ቤት ተወለደ። ንባብና ጽሕፈት ጥቂትም ሒሳብ ብቻ ተምሮ፥ በ14 ዓመቱ በሎንዶን ከተማ ከመጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሥራ ሊለምድ ገባ። እንዲጠረዙ የመጡትን መጻሕፍት አነበበ፤ ከጥቂት ገንዘቡም ዕቃ እየገዛ ያነበበውን በእጁ ፈተነ። በ1812 ሊቁ ሃምፍሪ ዴቪ ሲያስተምር ሄዶ ሰማ፤ የሰማውንም አጥርቶ ጽፎና ጠርዞ ላከለት። በ1813 ዴቪ ረዳቱ አደረገው። በ1831ም ማግኔት ሲንቀሳቀስ በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንዲነሣ አሳየ።

እንግዲህ ማንም ሳያዘው ተማረ፤ ዳሩ ግን ያለ መምህር አልቀረም። መምህሩን ራሱ ፈለገ፥ ሥራውንም ለሚመረምረው ሰው አቀረበ። በአገራችንም የቆሎ ተማሪ ቤቱን ትቶ አገር ለአገር የሚዞረው መምህር ለመፈለግ ነው እንጂ ከመምህር ለመሸሽ አይደለም።

ጉድለቱንም አልሰውርህም። ፋራዴይ ከፍ ያለውን ሒሳብ ሳያውቅ ኖረ፤ አሳቡን በሒሳብ አሠራር የገለጠው በኬምብሪጅ የተማረው ጄምስ ክለርክ ማክስዌል ነው። ብቻውን የሚማር ሰው የሚጎድለውን የሚነግረው ከሌለ፥ ጉድለቱን ሳያውቅ ይኖራል።

ስለዚህ ትምህርት ቤቱን የተወ ልጅ ከሸክም አያርፍም፤ የመምህሩን ሸክም በራሱ ላይ ያነሣል እንጂ። ቀድሞ ደወል ይቀሰቅሰው ነበር፤ አሁን ግን ራሱን ይቀሰቅሳል። ቀድሞ መምህሩን ማታለል ይችል ነበር፤ አሁን የሚያታልለው ራሱን ነው።

አባት ሆይ፥ እናት ሆይ፤ ልጃችሁ ይህን ሲለምናችሁ አትቈጡ፥ ፈጥናችሁም እሺ አትበሉ። ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ስትሳሳት ማን ያርምሃል? የማትወደውን ትምህርት መቼ ትማራለህ? የሠራኸውንስ ለማን ታሳያለህ? ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። ለሦስቱ መልስ ያለው ልጅ መማርን ፈልጓልና አትከልክሉት፤ መልስ የሌለው ግን ገና በመምህር እጅ ይቆይ።