መቅኔን መለገስና የለጋሹ ነጻ ፈቃድ



መልአኩ ገብርኤል ወደ ናዝሬት በተላከ ጊዜ እመቤታችን ወዲያው እሺ አላለችም። በመጀመሪያ ደነገጠች፤ ቀጥላም ነገሩ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ጠየቀች። መልአኩም ስለ ጠየቀች አልገሠጻትም፤ አስረዳት፤ መልሷንም ጠበቀ። ፈቃዷን የሰጠችው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ወንጌል በየዓመቱ ብንሰማውም፣ ልዑል እግዚአብሔር እንኳ የአንዲትን ልጃገረድ ፈቃድ መጠየቁን ሁልጊዜ አናስተውልም። ዛሬ ያነሣሁት፣ ጤነኛ ሰው ከአካሉ ከፍሎ ለታመመ ወገኑ ስለሚሰጠው የደም ግንደ ሕዋስ ለመናገር ነው።

ደማችን የሚሠራው በአጥንታችን ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። በዚያ ያሉት ግንደ ሕዋሳት ለገበሬ እንደ ዘር እህል ናቸው፤ ቀዩም ነጩም የደም ሕዋስ ከእነርሱ ይበቅላል። የደም ካንሰርን የመሰለ በሽታ ይህን ዘር ሲያበላሸው፣ ሐኪሞች የታመመውን መቅኔ በብርቱ መድኃኒት፣ አንዳንዴም በጨረር አጥፍተው የጤነኛ ሰው ዘር ይዘሩበታል። ዶክተር ዶናል ቶማስ ይህን ሕክምና በሰው ላይ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሆን፣ በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል።

ነገር ግን የሰጪና የተቀባይ የሕዋስ ዓይነት መመሳሰል አለበት። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ሁለት ልጆች ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድላቸው ከ4 አንድ ነው። ከዘመድ ሲታጣ በዓለም አቀፍ መዝገብ ይፈለጋል። መዝገቡ ከ40 ሚሊዮን በላይ ፈቃደኞች ሲኖሩት የአፍሪካ ተወላጆች ግን በውስጡ ጥቂቶች ናቸው። በአሜሪካ ነጭ ታማሚ ተመሳሳይ ለጋሽ የማግኘት ዕድሉ 79 በመቶ ገደማ ሲሆን የጥቁሩ 29 በመቶ ገደማ ነው። በዋሽንግተን የታመመ የእኛ ሰውም ከዚህ አያመልጥም። ስለዚህ ዓይን ሁሉ ወደ ቤተሰብ ይመለሳል፤ ስልኩም ማቻከል ወይም ስናን ያለ ወንድም ዘንድ ይደወላል።

በደብረ ማርቆስ ደም መለገስን ለምደናል። በአዲስ አበባም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ወዲህ አካሉን ለዘመዱ የሚሰጥ ሰው ለእኛ እንግዳ አይደለም። መቅኔ ሲባል ግን ብዙዎች ይፈራሉ፤ «ከኅብለ ሰረሰር ይቀዳል፤ ሽባ ያደርጋል» ሲባልም ይሰማል። ይህ ስሕተት ነው። መቅኔ የሚወሰደው ለጋሹ በማደንዘዣ ተኝቶ ሳለ ከዳሌ አጥንት በስተኋላ በመርፌ ነው፤ ኅብለ ሰረሰር አይነካም። ሰውነትም የተወሰደበትን በጥቂት ሳምንታት ይተካል። ዛሬ ይበልጥ የተለመደው ሌላው መንገድ ነው። ለጋሹ ከ4 እስከ 5 ቀን ከቆዳ ሥር መርፌ ይወጋል፤ መድኃኒቱም ግንደ ሕዋሳቱን ከመቅኔ ወደ ደም ያወጣቸዋል። በእነዚያ ቀናት አጥንቱን ይቆረጥመዋል፤ ራሱንም ያመዋል። ከዚያም ደሙ ከአንድ ክንዱ ወጥቶ በማሽን ይጣራል፤ የሚፈለገው ተለይቶ ቀሪው በሌላው ክንዱ ይመለስለታል። ይህም ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል። አስቀድሞ ስለ ጤንነቱ በዝርዝር ይጠየቃል፤ ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት ቫይረስና ለቂጥኝ ደሙ ይመረመራል፤ ሴት ከሆነች እርግዝና አለመኖሩ ይረጋገጣል። (ዐቢይ ጾም ነው ብሎ ባዶ ሆዱን ወደ ማሽኑ የሚቀርብ ቢኖር ቆሞሱ ይከልክለው፤ ሐኪሙ ብላ ካለው ይብላ።) ማደንዘዣ የራሱ አደጋ አለው፤ አነስተኛ ቢሆንም ከለጋሹ ሊሰወር አይገባም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። የለጋሹ ዘር ከመዘራቱ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ የታማሚው መቅኔ ይጠፋል። ከዚያች ቀን በኋላ ለጋሹ ሐሳቡን ቢለውጥ ታማሚው ሊሞት ይችላል። እንግዲህ እምቢ ለማለት ጊዜው ከዚያ በፊት ነው፤ ጥያቄ ሁሉ፣ ፍርሃትም ሁሉ፣ ከዚያ በፊት ይውጣ። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ሽማግሌ እንልካለን፤ «የእናትህን ልጅ ልታስገድል ነው?» እንላለን፤ አንዳንዴም መስቀል የያዘ ካህን እናስቀድማለን። የፈራው ወንድም በኀፍረት እሺ ይላል፤ ልቡ ግን እሺ አላለም።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት የሕይወት ወንጌል በተሰኘው መልእክታቸው አካልን መለገስን አመስግነዋል። በ2000ም በሮም ለተሰበሰቡ የንቅለ ተከላ ሐኪሞች ሲናገሩ፣ ለጋሹ ተረድቶ በነጻ መፍቀድ እንዳለበት አስተምረዋል። የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርተ ክርስቶስም ለጋሹ ያልፈቀደው ልገሳ በሥነ ምግባር ተቀባይነት እንደሌለው ይናገራል። ጌታችንም ነፍሱን ማንም እንደማይወስዳት፣ በፈቃዱ እንደሚሰጣት ተናግሯል።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ቤተሰብ ለምልጃ ሲጠራችሁ አስቀድማችሁ ለጋሹን ለብቻው አነጋግሩት። ይልቁንም በቤቱ ውስጥ ድምፅ የሌላትን ታናሽ እኅት ለብቻዋ ስሟት። ጥያቄ ካላት ወደ ሐኪሟ መልሷት፤ ያም ሐኪም የታማሚው ሐኪም ባይሆን ይመረጣል። እምቢ ካለችም ምክንያቷን ለጉባኤ አታውጡባት። በየቁምስናው የታማሚውን የክርስትና ስም በጸሎት ስንጠራ፣ ምርመራው ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ፣ መልሷ ገና ሳይታወቅ፣ የእርሷንም ስም አብረን እንጥራ።