ጀግንነት በራሱ በጎ ነውን?

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚያወጣው መንገድ አቅራቢያ የምትገኘው ሐርላ ከባሕር የራቀች መንደር ናት። ይሁን እንጂ ምድሯ ባሕርን ያውቃል። በ2009 ዓ.ም. ይፋ የሆነ የቁፋሮ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ12ኛው ምዕተ ዓመት መስጊድ ፍርስራሽ ጋር ከቻይና የመጣ የሸክላ ዕቃ፣ የግብፅ ሳንቲምና የመስተዋት ዶቃ በዚያ ተገኝቷል። አፈ ታሪኩ የቦታውን ታላላቅ ድንጋዮች ግዙፋን ሰዎች እንዳነሷቸው ይናገራል። ማዕበሉን ተሻግረው ያን ዕቃ እስከ ጠረፍ ያደረሱት መርከበኞች ግን ስማቸውም ሆነ ገድላቸው አልተነገረም። ደፋሮች እንደ ነበሩ አያጠራጥርም፤ ከድፍረታቸው የተረፈው ግን ሰውን ከሰው ያገናኘ ዕቃ ብቻ ነው።

ይህን ያሰበ ሰው በዘመናችን በሌላ ባሕር የተፈጸመውን ሲመለከት ጥልቅ ጥያቄ ይገጥመዋል። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገራችንን በቦምብና በመርዝ ጋዝ እያጠቃ ገሠገሠ፤ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ድሬዳዋን ያዘ። ከዚያ በኋላ የኢጣልያ ባሕር ኃይል ለአንድ ዓይነት 17 ሰርጓጅ መርከቦች ከአፍሪካ ምድር የተወሰዱ ስሞችን አወጣላቸው። ዐድዋ፣ አክሱም፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ተምቤን፣ መቀሌ፣ ነገሌ፣ ደጋሐቡር ተብለው ወደ ባሕር ወረዱ። የሐርላ ሰዎች ከባሕር ማዶ ዕቃ በንግድ ተቀበሉ፤ ወራሪው ደግሞ የአገር ስም በጉልበት ወስዶ ከውኃ በታች አሰማራ።

ከነዚህ መርከቦች አንዷ ሽሬ ትባል ነበር። ስሙ የተወሰደው በየካቲት 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ሠራዊት ወራሪውን ከተፋለመበት ምድር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አዛዥዋ የነበረው የሮማ መኳንንት ወገን ዩኒዮ ቫሌሪዮ ቦርጌዜ፣ በዚህችው መርከብ ላይ በፈጸመው ተግባር የአገሩን ከፍተኛ የጀግንነት የወርቅ ሜዳልያ ተሸልሟል። ታኅሣሥ 9 ቀን 1934 ዓ.ም. ማታ መርከቧን በፈንጂ መካከል አሳልፎ እስክንድርያ ወደብ አጠገብ አደረሰ። ከዚያም ስድስት ጠላቂዎች በሦስት ሰው ነድ ቶርፔዶዎች ሆነው ወደ ወደቡ ሠርገው ገቡ፤ ሁለት ታላላቅ የእንግሊዝ የጦር መርከቦችም ክፉኛ ተጎዱ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ይህን ድፍረት ልናደንቀው ይገባናልን? «የወራሪ ድፍረት ድፍረት አይደለም» ማለት ይቀላል፤ እውነት ግን አይሆንም። በጠባብ የብረት ሣጥን ውስጥ፣ ከፈንጂ በታች መሄድ ልብ ይጠይቃል። በሌላ በኩል «ጀግና ከየትም ወገን ቢሆን ጀግና ነው» ብሎ ማለፍም ሚዛንን መጣል ነው። ቋንቋችን ራሱ በጫካ የሚያደባውን ሰው አንድ ጊዜ አርበኛ፣ አንድ ጊዜ ሽፍታ ይለዋል። ፋሺስቶችም አርበኞቻችንን ሽፍታ ብለዋቸዋል። ታዲያ ልዩነቱ በሰያሚው አንደበት ላይ ብቻ የተመሠረተ ነውን?

አይደለም። ይህንንም ከዚያችው ሌሊት ታሪክ መረዳት ይቻላል። ከስድስቱ ጠላቂዎች አንዱ ሉዊጂ ዱራን ደ ላ ፔን ቫልያንት በተባለችው መርከብ ሥር ፈንጂውን ካኖረ በኋላ ተማረከና በዚያችው መርከብ ውስጥ ታሰረ። ፈንጂው የት እንዳለ አልተናገረም። ፍንዳታው ሲቃረብ ግን አዛዡን ቻርልስ ሞርጋንን አስጠርቶ መርከበኞቹ ነፍሳቸውን ያድኑ ዘንድ አስጠነቀቀ። ምሥጢሩን ስላልገለጠ ወደ እስሩ መለሱት፤ መርከቧ ስትመታም ከውስጥ ነበር፤ ሆኖም ተረፈ። በ1937 ዓ.ም. የወርቅ ሜዳልያው ሲሰጠው በደረቱ ላይ ያጠለቀለት ያው ሞርጋን ነበር።

የቦርጌዜ መንገድ ሌላ ሆነ። ኢጣልያ በ1935 ዓ.ም. መጨረሻ ከተባባሪ መንግሥታት ጋር የጦር ማቆም ስምምነት ስታደርግ፣ እርሱ ከናዚዎች ጎን ቆሞ ወታደሮቹን በገዛ አገሩ አርበኞች ላይ አዘመተ። በዚህም በ1941 ዓ.ም. ተፈረደበት፤ ወዲያውም ተለቀቀ። በ1963 ዓ.ም. ኅዳር የመንግሥት ግልበጣ አሢሮ ሳይሳካለት ወደ ስጳኝ ሸሸ፤ በ1966 ዓ.ም. በዚያው ሞተ። ሽሬም በሌላ አዛዥ ሥር ሳለች ነሐሴ 4 ቀን 1934 ዓ.ም. በሐይፋ አጠገብ ከነመርከበኞቿ ሰጥማለች።

ሁለቱም ከአንዲት መርከብ የወጡ፣ ለአንድ የግፍ ሥርዓት የተዋጉ፣ አንድ ዓይነት ሜዳልያ የተሸለሙ ነበሩ። የአንደኛው ድፍረት ግን ሲጨንቀውም ጠላቱ ሰው መሆኑን አልዘነጋም፤ የሌላው ድፍረት የገዛ ወገኑን ሰውነት እንኳ ዘነጋ። ስለዚህ ድፍረት ኃይል ነው እንጂ በራሱ በጎነት አይደለም፤ እንደ ስለት ለእርሻም ለግድያም ይውላል። በጎ የሚሆነው የሌላውን ነፍስ ከራስ ነፍስ ጋር በአንድ ሚዛን ሲያስቀምጥ ነው። ይህ ሚዛን ስማችንን ከሰረቀ ሰንደቅ ዓላማ በታች ላለ ሰው እንኳ አንዲት ቅን ሰዓት እንድንመሰክርለት ያስገድደናል፤ መመስከሩ ይከብዳል፤ ፍትሕ ግን የሚፈተነው በከባዱ ነው።

ዛሬ በሐርላ አፈር ውስጥ ዶቃ የሚያገኝ ሰው ያመጣውን መርከበኛ ስም አያነብም። ሜዳልያ የሚያገኝ ግን የተሸላሚውን ስም ያነባል፤ ስሙን ካነበበ በኋላ ድፍረቱ በማን ላይና ለማን እንደ ዋለ መጠየቅ ይኖርበታል።